በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የኪራይ ቤት መግዛት እንዴት ይጀመራል?

በአዲስ አበባ ቤት ገዝቶ ለማከራየት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ ገዢው በገንዘቡ የሚያገኘው ሕንፃውንና በመሬቱ የመጠቀም መብትን ነው። ይዞታው የሊዝ፣ ማለትም መሬቱ ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ ከሆነ፣ ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ሲሆን፣ ሻጩ ያልከፈለው የሊዝ ቀሪ ሊኖርበት ይችላል። የሚከተለው ቅደም ተከተል በአንድ ኮንዶሚኒየም ወይም በአንድ አነስተኛ አፓርታማ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው የተዘጋጀ ነው።

1. ደላላ ከመደወልዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ

ለምሳሌ ያህል ዋጋው 4,000,000 ብር የሆነ ባለ አንድ መኝታ ቤት በወር 20,000 ብር ይከራያል እንበል። የዓመቱ ኪራይ 240,000 ብር ይሆናል። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቤቱ ለአንድ ወር ባዶ ቢቆይ 20,000 ብር ይጎድላል፤ ለቀለም፣ ለቧንቧ ጥገናና ለጋራ መዋጮ 25,000 ብር ቢወጣ በእጅ የሚቀረው 195,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የኪራይ ገቢ ግብር ገና ሳይነሣለት ከቤቱ ዋጋ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ እንዳደረገው ሲታሰብ፣ ኪራዩ ብቻውን ባንክ ካስቀመጡት ገንዘብ የተሻለ ላያስገኝ እንደሚችል ግልጽ ነው።

ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ ሳይሆን፣ ብዙ ጀማሪዎች «ብድሩን ኪራዩ ይከፍለዋል» በሚል ስሌት ተነሥተው ሲቸገሩ ስላየሁ ነው። የብድር ወለድ ከቁጠባ ወለድ ስለሚበልጥ፣ የቤቱ ዋጋ በሙሉ በብድር ከተከፈለ ከላይ የታየው ኪራይ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም። ትርፉ በአብዛኛው የሚመጣው የቤቱ ዋጋ በጊዜ ብዛት ሲጨምር ስለሆነ፣ ለዚህ የሚያውሉት ገንዘብ ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና በአጭር ጊዜ የማይፈልጉት መሆን ይኖርበታል። ከደረሰዎት እቁብም ሆነ ከቁጠባዎ ላይ የተወሰነውን ለጥገናና ላልታሰበ ወጪ ሳይነኩ ያስቀምጡ።

2. ቤቱን በተለያየ ሰዓት ይጎብኙ

ደላላ ቤት የሚያሳየው ቤቱ በሚያምርበት ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አይቼ የወደድሁትን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት፣ በሳምንቱ መካከል አመሻሹ ላይ ተመልሼ ሳየው ነዋሪዎቹ ቢጫ ጀሪካን ይዘው በደረጃው ሲወጡ አገኘኋቸው። አንዲት እናት በየፎቁ እያረፉ ሲወጡ «ውኃው በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፤ እሱም እታች ብቻ ነው» አሉኝ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ላይ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ኪራዩን ይወስነዋል። ስለዚህ ጥበቃውንና ጎረቤቶችን ያነጋግሩ፤ ውኃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ የጋራ ሮቶ መኖሩን፣ ታክሲና አውቶቡስ ከየት እንደሚያዝ ይጠይቁ። ሰሚት፣ ጀሞ ወይም የካ አባዶ የሚባለው የሰፈር ስም ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም፤ በአንድ ሳይት ውስጥ እንኳ ብሎክ ከብሎክ ይለያያል።

3. ሰነዱን ሻጩ ሲያሳይዎት ሳይሆን መዝገቡ ላይ ያረጋግጡ

ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ደረጃ ነው። በመጀመሪያ በካርታው (በይዞታ ማረጋገጫው) ላይ ያለውን ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር በፊደል ያስተያዩ፤ የቤቱን ቁጥር፣ ስፋቱንና የይዞታውን ዓይነት ያንብቡ። ቀጥሎ ይዞታውን የመዘገበው መሥሪያ ቤት ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ስለመሆኑ ማረጋገጫ እንዲሰጥ ሻጩን ይጠይቁ። በባንክ የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ ቤት ከላይ ሲታይ ከሌላው ቤት ምንም ልዩነት የለውም።

ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው መስማማት የግድ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት በሁለቱም ስምምነት እንጂ በአንዳቸው ብቻ እንዲሸጥ አይፈቅድም። አላገባሁም የሚል ሻጭም ያላገባ ስለመሆኑ ማስረጃ ያቅርብ። ሻጩ ውጭ አገር ሆኖ በወኪል የሚሸጥ ከሆነ፣ ውክልናው ቤት የመሸጥ ሥልጣንን በግልጽ የሚሰጥ መሆኑን፣ አለመሻሩንና ወካዩ በሕይወት መኖሩን ያጣሩ፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ያበቃል። በተቻለ መጠን ከወካዩ ጋር በቪዲዮ ይነጋገሩ።

በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ 5 ዓመት ሳይሞላው ለሌላ ሰው በሽያጭ ማስተላለፍ አይፈቀድም። «ለጊዜው በውክልና ያዘው፣ ስሙ በኋላ ይዛወራል» የሚል ሐሳብ ሲቀርብልዎት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

በግንባታ ላይ ስላለ ቤት ብዙ አልልም። ቅድሚያ ከፍለው ከውሉ ቀን በኋላ ለዓመታት ቁልፍ የጠበቁ ሰዎችን ስለማውቅ፣ የመጀመሪያው ቤት ገብተው ቧንቧውን ሊከፍቱት የሚችሉት ቢሆን እመርጣለሁ።

4. ቀብድና ውል

በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብዱ መጠነኛ ይሁን፣ በጽሑፍ ይስፈር፣ በባንክ በኩል ይከፈል፤ ሰነዱ ጉድለት ከተገኘበት ቀብዱ እንደሚመለስም ይጻፍ። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ተደርጎ በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ ስላለበት፣ ዋናው ውል የሚፈረመው በተለምዶ ውልና ማስረጃ በምንለው መሥሪያ ቤት ነው። የቀረውን ክፍያ በሲፒኦ (ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) አዘጋጅተው ይሂዱና ፊርማው ሲጠናቀቅ ያስረክቡ። የቴምብር ቀረጥንና የስም ማዛወሪያን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ የደላላው ኮሚሽን ስንት እንደሆነም ቀድመው ይስማሙ። ከፊርማው በኋላ ስም ማዛወሩን ለነገ አያሳድሩት፤ ካርታው በእርስዎ ስም እስኪወጣ ድረስ ግዢው አልተጠናቀቀም።

5. ሕጉን ተከትለው ያከራዩ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስና ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጭማሪም በአከራዩ ፈቃድ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ በዝቅተኛ ኪራይ አከራይቼ ከስድስት ወር በኋላ እጨምራለሁ የሚል ዕቅድ አይሠራም፤ በመጀመሪያው ደረጃ የሠሩትን ሒሳብ አውጥተው ኪራዩን ከመነሻው በአግባቡ ይተምኑ። ቁልፉን ሲያስረክቡ የመብራትና የውኃ ቆጣሪዎቹን ንባብ ከተከራዩ ጋር ሆነው ያንብቡ፤ የበሩን፣ የመስኮቱንና የመታጠቢያ ቤቱን ሁኔታ በፎቶግራፍ አስቀርተው፣ ሁለታችሁም የፈረማችሁበትን ዝርዝር ከውሉ ጋር አያይዙት።