የመዳብን ሙቀት የመያዝ አቅም በሁለት ኩባያ መለካት

ካሎሪሜትር (ሙቀት እንዳያመልጥ የተሸፈነ የሙቀት መለኪያ ዕቃ) የለንም ብላችሁ ይህን ሙከራ አትተዉት። ሁለት የፎም ኩባያዎችን አንዱን በአንዱ ውስጥ ክተቱ፣ ለቴርሞሜትሩ ቀዳዳ ያለው የካርቶን ክዳን አብጁለት፣ በቃ ይሠራል።

መጀመሪያ 100 ግራም መዳብ መዝኑ። በክር አስራችሁ የድስቱን ታች እንዳይነካ አድርጋችሁ የሚፈላ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሉት፣ 10 ደቂቃ ያህል ይቆይ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጽሐፉ ስላለ ብቻ 100 ዲግሪ ብላችሁ እንዳትጽፉ! አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ የፈላውን ውሃ ራሳችሁ ለኩና ያንን ቁጥር ያዙ።

ኩባያው ውስጥ 100 ግራም ውሃ ጨምሩ፣ ሙቀቱን መዝግቡ። 20 ዲግሪ ነው እንበል። ከዚያ መዳቡን አውጡና ውሃውን አራግፋችሁ ወዲያው ክተቱት። ፍጥነት ወሳኝ ነው። አየር ላይ በቆየ ቁጥር ሙቀቱ ይባክናል፣ ይዞት የሚገባው የፈላ ውሃ ጠብታ ደግሞ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። ክደኑት፣ ቀስ እያላችሁ አማስሉ፣ የደረሰበትን ከፍተኛ ቁጥር ጻፉ።

26.1 ደረሰ እንበል። ውሃው ያገኘው ሙቀት 100 × 4.18 × 6.1፣ ማለትም 2,550 ጁል ያህል ነው (4.18 አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ጁል ነው)። ይህን ሙቀት የሰጠው መዳቡ ነው፣ እሱም ከ92 ወደ 26.1 ወርዶ በ65.9 ዲግሪ ቀዝቅዟል። 2,550ን ለ100፣ ከዚያ ለ65.9 ስታካፍሉ 0.387 ጁል በግራም በዲግሪ ይመጣል። የታወቀው 0.385 ነው፣ በጣም ቅርብ! አሉሚኒየም 0.90 ገደማ ነው፣ እርሳስ ግን 0.13 ብቻ። በእርሳስ ስትሞክሩ ውሃው የሚሞቀው 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ የዲግሪን አንድ አሥረኛ የሚያነብ ቴርሞሜትር ፈልጉ።