ኔትወርክ የሚዘረዝር ቱልን ለኤአይ ኤጀንት እንዴት እናስረዳለን?

የሳይበር ደህንነት ልምምድ ላብ ውስጥ የምናስገባው ኤአይ ኤጀንት (ሥራውን በራሱ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ የኤአይ ሞዴል) ስለ ቱሉ፣ ማለትም ስለሚጠራው ፕሮግራም፣ የሚያውቀው በዋናነት ስሙንና ከሥሩ የጻፍነውን ማብራሪያ ነው። አዲስ ተቀጣሪ ግራ ሲገባው አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። ኤጀንቱ ግን ብዙ ጊዜ ክፍተቱን በግምት ሞልቶ ይቀጥላል። "ኔትወርኮችን ይዘረዝራል" ብሎ ማለፍ አያዋጣም።

በዶከር (አንድ ኮምፒውተር ላይ እንደ ማሽን የተነጠሉ ብዙ ኮንቴይነሮችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር) የተሠራ ላብን ለምሳሌ ይዘን እንሂድ።

1. መጀመሪያ ቱሉን ራሳችሁ አስኪዱት

ኮዱን ብቻ አይታችሁ አትጻፉ። ቱሉ ከጀርባ የዶከርን የኔትወርክ ዝርዝር ትዕዛዝ የሚጠራ ከሆነ፣ ብሪጅ (bridge)፣ ሆስት (host) እና ነን (none) የሚባሉት ዶከር ራሱ የሚፈጥራቸው ሦስት ኔትወርኮችም አብረው ይመጣሉ። ከልምምዱ ጋር ምንም አያገናኛቸውም። ማብራሪያው ላይ "እነዚህን ተዋቸው" ብሎ ከመጻፍ ኮዱ ውስጥ አጣርቶ ማውጣት ይሻላል።

የባሰው ደግሞ ትዕዛዙ የሚያየው ላቡን ከሚያስኬደው ሰርቨር በኩል መሆኑ ነው። ኤጀንቱ ገና ያልደረሰበትን ኔትወርክ ሁሉ ያሳየዋል። ፈተናውን ከነመልሱ ማደል ማለት ነው። ስለዚህ ቱሉ ያለውን ሁሉ ነው የሚዘረዝረው ወይስ ኤጀንቱ እስካሁን ያገኘውን ብቻ? ይህን ሳትወስኑ አንድ መስመር አትጻፉ።

2. ወሰኑን በግልጽ ንገሩት

"እስካሁን ያገኘሃቸውን ኔትወርኮች ይዘረዝራል። ስካን አያደርግም፣ አዲስ ማሽንም አይፈልግም።" (ስካን ማለት የትኞቹ አድራሻዎች ላይ ማሽን እንዳለ እያንኳኩ ማጣራት ነው።) ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያዋ ትበልጣለች። ቱሉ ግብዓት የማይቀበል ከሆነም "ምንም ግብዓት የለውም" በሉ፤ አለዚያ ኤጀንቱ ከራሱ አንድ ነገር ፈጥሮ ሊልክ ይችላል።

3. ባዶ ዝርዝር ሲመጣ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ጣጣው ሁሉ ያለውም እዚሁ ነው።

ባዶ ቅንፍ ተመለሰ እንበል። ምን ማለት ነው? ኤጀንቱ ገና ምንም አላገኘ ይሆናል። ላቡ አልተነሳ ይሆናል። ወይም ቱሉ ዶከርን የማናገር ፈቃድ የለውም። ሰው ቢሆን ተርሚናሉን ከፍቶ ያጣራል። ኤጀንቱ ግን አንድም ያንኑ ቱል ደጋግሞ ይጠራል፣ አንድም "እዚህ ኔትወርክ የለም፣ ሥራው ተጠናቋል" ብሎ ያማረ ሪፖርት ይጽፋል። ሁለተኛው ይከፋል፤ ሲነበብ ትክክል ይመስላላ!

መፍትሔው ለባዶ ዝርዝር አንድ ትርጉም ብቻ መስጠት ነው። እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉት፦

"ባዶ ዝርዝር ማለት እስካሁን ያገኘኸው ኔትወርክ የለም ማለት ነው። ስህተት አይደለም። ወዲያው ደግመህ አትጥራ፤ ዝርዝሩ የሚለወጠው ስካን ካደረግህ በኋላ ነው። ላቡ ካልተነሳ ወይም ፈቃድ ከሌለ የስህተት መልእክት ይመጣል።"

ኮዱም ይህን ማክበር አለበት። ስህተት በተፈጠረ ቁጥር ዝም ብሎ ባዶ ዝርዝር የሚመልስ ኮድ በየቦታው አለ፤ ሰነፍ አሠራር ነው። ኮዱ እንዲያ ከሆነ ማብራሪያችሁ ውሸት ነው። አስቀድማችሁ ኮዱን አስተካክሉ።

4. የሚመልሰውን ግለጹ

የኔትወርኩ ስም፣ ሳብኔቱ፣ እዚያ ውስጥ የኤጀንቱ የራሱ አይፒ። እነዚህ ይበቃሉ። ሳብኔት የአድራሻ ክልል እንጂ የማሽኖች ዝርዝር አለመሆኑን ግን አስምሩበት። ዶከር ለብሪጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው 172.17.0.0/16 ብቻ እንኳ 65,536 አድራሻ ይዟል። አምስት ማሽን ላለው ላብ ኤጀንቱ ያንን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያንኳኳ ይውላል። የላቡን ኔትወርክ ስትፈጥሩ /24 አድርጉት (ከሽረቱ በኋላ ያለው ቁጥር ሲጨምር ክልሉ ይጠባል)፤ 256 አድራሻ ይበቃል።

5. ምሳሌ ስትሰጡ ተጠንቀቁ

ኤጀንት ምሳሌን እንደ እውነት ቆጥሮ ሊጠቀምበት ይችላል። 192.168.1.0/24 ብላችሁ ብትጽፉ ሄዶ እሱን ስካን ሊያደርግ ይችላል። ያ ደግሞ የቢሯችሁ ዋይፋይ ቢሆንስ? ለሰነድ ምሳሌ ተብለው የተለዩ አድራሻዎች አሉ፦ 192.0.2.0/24፣ 198.51.100.0/24 እና 203.0.113.0/24። ሦስቱም በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው አርኤፍሲ 5737 በሚባል የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ላይ ተዘርዝረዋል። ከነሱ ውጭ አትውሰዱ።

"ከላቡ አትውጣ" የሚል ጽሑፍ አጥር አይሆንም። ዶከር ኔትወርክ ሲፈጠር ወደ ውጭ መውጫውን የሚዘጋ "ኢንተርናል" የሚባል አማራጭ አለው። አብሩት።

6. ሞክሩት

ላቡን ሳታስነሱ ማብራሪያውን ብቻ ለሞዴሉ ስጡትና ጠይቁት፦ "ባዶ ዝርዝር ቢመጣ ቀጥሎ ምን ታደርጋለህ?" "ፈቃድ የለም የሚል ስህተት ቢመጣስ?" መልሱ እናንተ ካሰባችሁት ከተለየ፣ ከሞዴሉ ጋር ከመከራከራችሁ በፊት ጽሑፉን አስተካክሉ። ከአሥር መስመር ካለፈ ደግሞ ቀንሱለት፤ ማብራሪያው ሞዴሉ በተጠራ ቁጥር አብሮ ስለሚላክ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚያነብበት ቁራጭ) ይበላል።