ብሬከሩ አይወርድም፣ ግድግዳው ግን ይሞቃል

ይህ ጽሑፍ የቤታቸውን የመብራት መስመር ራሳቸው ለሚዘረጉ ሰዎች ነው። ዋናውን ማጥፋትና ሽቦውን በቴስተር ማረጋገጥ የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም።

ምልክቱ፦ የእንጀራ ምጣድ ከተሰካ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሶኬቱ ወይም ከሶኬቱ በላይ ያለው ግድግዳ ይሞቃል፣ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ አልፎ አልፎም የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ብሬከሩ ግን አይወርድም። ለጥገና ከምጠራባቸው ቤቶች አብዛኞቹ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ሁለት ጥፋት በአንድነት ነው። የመጀመሪያው በልስን ውስጥ የተቀበረ የሽቦ ቅጥያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ይወርድ የነበረው ብሬከር በትልቅ መቀየሩ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህም ለመብራት ተብሎ በተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ሲጫን ብሬከሩ ቆይቶ ይወርዳል። መውረዱ ሽቦውን ማዳኑ ነበር። ባለቤቱ ግን ብሬከሩን እንደ ብልሽት ቆጥሮ በ32 አምፔር ይተካዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። የላላ ቅጥያ ከዚህም ይከፋል፤ ሙቀትን እንጂ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መጠንን ስለማይፈጥር ትክክለኛው ብሬከር እንኳ አያየውም።

አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ብሬከሩ ከተቀየረ ወዲህ አንድም ቀን ጠፍቶብን አያውቅም» ብለው እጃቸውን የሞቀው ግድግዳ ላይ አድርገው አሳዩኝ። ልስኑን በመሮ ስከፍተው ያለ ጃንክሽን ቦክስ (የሽቦ መገናኛ ሣጥን) በእጅ የተጠመዘዘ ቅጥያ አገኘሁ። ናስትሮው ቀልጦ እንደ ቅጥራን ተጣብቋል፤ መዳቡ ጠቁሮ በጣቴ ስነካው ተሰበረ። በሌላ ቤት ያገኘሁት ሽቦ ደግሞ ከላዩ መዳብ ቢመስልም በምላጭ ስፍቀው ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም ነበር። እንዲህ ያለውን ሽቦ መዳብ ነው ብሎ መሸጥ በሰው ሕይወት ላይ መነገድ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጫፉን ፍቃችሁ እዩት።

መፍትሄው ለምጣዱ ከብሬከር ሣጥን የሚነሣ የራሱን መስመር መዘርጋት ነው፦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ አረንጓዴና ቢጫ የመሬት ሽቦ ጨምሮ፣ በኮንዲዩት (በሽቦ ማስተላለፊያ ቱቦ) ውስጥ፣ በመሐል ምንም ቅጥያ ሳይኖረው፣ በ20 ወይም በ25 አምፔር ብሬከር። ምጣድን በዲቫይደር ላይ አትሰኩ። የተቃጠለውን ሶኬት ማጽዳት አይበቃም፤ ይቀየር።

ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት መስመሩ ይመርመር። አዲስ ቤት ሠርተው ሽቦው በተጎተተ በሦስተኛው ቀን ግድግዳውን ያስለሰኑ ቤተሰብ፣ ቅጥያው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው በመጥፋቱ የወጥ ቤታቸውን ግድግዳ ሁለት ሜትር ያህል ለማፍረስ ተገደዋል። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ተቋራጭነት የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ቦዩን መቆፈር፣ ኮንዲዩቱን መቅበርና ሣጥኖቹን መግጠም በእጃችሁ ብትሠሩም፣ ምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ መስመሩን ክፍት ሳለ ይየው፣ ኃይሉንም እርሱ ያገናኝ። ባለሙያው ኃይል ሳይለቀቅ የመሬት ሽቦው እስከ ሶኬቱ መድረሱንና ፌዝና ኒውትራል (ኃይል የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) አለመለዋወጣቸውን ያረጋግጣል፤ ዕቃዎች ሁሉ ተነቅለው በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ልባስ መለኪያ) ሲለካም የሽቦው ልባስ ከ1 ሜጋኦም በታች ማሳየት የለበትም። መለኪያ ሳይዝ መጥቶ «ጥሩ ነው» የሚላችሁን ሰው አትቀበሉ። የተዘረጋውንም ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።

ምጣዱ ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ አንድም እንጀራ አትጋግሩበት፤ ብዙ ጊዜ ሽቦው ልባሱን ለቆ የምጣዱን አካል ነክቷል፣ የመሬት ሽቦም የለውም ወይም ተቋርጧል። በ30 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ የሚያቋርጥ ብሬከርም ይገጠም፤ እርሱ ግን የመሬት ሽቦን አይተካም።

ምጣዱ በተሰካበት ቅጽበት ብሬከሩ ከወረደ ሾርት ነው፤ ምጣዱን ነቅላችሁ ሞክሩ።

የቤቱ ሁሉ አምፖሎች አንዳንዶቹ ደምቀው ሌሎቹ ከደበዘዙ ከቆጣሪው በፊት የኒውትራል መላላት ሊሆን ይችላል፤ ዋናውን አጥፉና ለአገልግሎት ሰጪው አስታውቁ፤ የቆጣሪውን ማሸጊያ አትንኩ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ምጣዱን አንድ ሰዓት አሠርታችሁ የሶኬቱን ክዳንና የብሬከሩን ፊት በእጃችሁ ዳብሱ። እጅ የማያስቆይ ሙቀት ካለ ዋናውን አጥፍታችሁ የተርሚናሉን ብሎን በካቻቢቴ አጥብቁ፤ ከአንድ ወር በኋላም ይህንኑ ድገሙት።