የኮምፒውተር ላቡ አለ፣ ትምህርቱ የለም፦ የአይቲ ክፍለ ጊዜ ሲበላሽ ከየት እንጀምር?

አይቲ የምታስተምሩ ታውቁታላችሁ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። አስሩ ቁልፍ ፍለጋ ያልቃል፣ ሌላው አስር «ቲቸር፣ የኔ አይሰራም» ሲባል ያልፋል፣ በቀረው ደግሞ ማስታወሻ ታጽፉና ትወጣላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ቆይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር ችግሩ የሚታይበት ቦታና ችግሩ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ የማይገናኙ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከምልክቱ ተነስቼ ልጻፍላችሁ። የራሳችሁን ፈልጉና እዚያው ጀምሩ።

ላቡ ሁልጊዜ ተቆልፏል

ርዕሰ መምህሩን ስትጠይቁ «ኃላፊው የለም» ይላሉ። ኃላፊውን ስታገኙት ቁልፉ ቤት ቀርቷል። ሰውየው ሰነፍ እንዳይመስላችሁ፣ ፈርቶ ነው። ኮምፒውተሮቹን በሞዴል 22 (በንብረት ቅጹ) ፈርሞ የተረከበው እሱ ነው፤ አንድ ማውስ ቢጎድል ከደሞዙ የሚቆረጥ ይመስለዋል። እኔ ብሆንም እቆልፈው ነበር።

ስለዚህ መለመኑን ተዉትና ፍርሃቱን አቅልሉለት። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር ለጥፉ። ተማሪው ሴሚስተሩን ሙሉ አንድ ቁጥር ላይ ይቀመጥ፣ ሲገባም ከስሙ ትይዩ ይፈርም። ደወሉ ሊደወል 3 ደቂቃ ሲቀረው ሁሉም ማውሱን ወደ ላይ ያነሳል፣ የክፍል አለቃው ይቆጥራል፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል። ስታዩት ቀልድ ይመስላል። እኛ ጋ ግን ወር ሳይሞላ ኃላፊው ቁልፉን ራሱ ያመጣልኝ ጀመር።

አይበራም፤ ወይም በርቶ ይጮሃል

ከዲቫይደሩ ጀምሩ። አትሳቁ። ሦስት ዲቫይደር አንዱ በአንዱ ላይ ተሰክቶ፣ የመሃከለኛው ማብሪያ ጠፍቶ፣ «ተበላሽቷል» ተብሎ ንብረት ክፍል የገባ ኮምፒውተር በዓይኔ አይቻለሁ።

በእርዳታ የመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ግን ገና ሳትሰኩት ጀርባውን እዩት። ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ ያለው አለ፤ 115 ወይም 230 ይላል። የኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ እያለ ከሰካችሁት «ጧ!» ይላል፣ ይሸታል፣ አለቀ። ያኔም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ሌላው ደህና ሊሆን ስለሚችል ማሽኑን አትጣሉት፤ ከሌላ የሞተ ኮምፒውተር የሚገጥም ፈልጉና ቀይሩት።

በርቶ ጢጥ ጢጥ የሚል፣ ስክሪኑም የጨለመ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሙን፣ ማለትም ጊዜያዊ ማከማቻውን ነው። አቧራ ነው፣ በተለይ በበጋ። ገመዱን ንቀሉ፣ የቆርቆሮውን ሳጥን አንዴ ነካ አድርጉ፣ ራሙን አውጡና ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ አድርጋችሁ እሹ። ብናኙን አራግፉና ቀጭ እስኪል መልሳችሁ ግፉት። ይህንን ለብቻችሁ ቢሮ ተቀምጣችሁ ካደረጋችሁት ግን ትልቅ ነገር ታባክናላችሁ። እኔ አንድ ቀን ጠረጴዛው ዙሪያ የ9ኛ ክፍል ልጆች ሰብስቤ ሠራሁት። ራሙ እጄ ላይ እያለ አንዷ ጠጋ ብላ አየችውና «ቲቸር፣ ታዲያ አሁን ውስጡ የነበረው ነገር የት ሄደ?» አለችኝ። ስለ ጊዜያዊና ስለ ቋሚ ማከማቻ ሁለት ገጽ ሙሉ አጽፌያቸው ነበር፣ ባለፈው ሳምንት። ማንም ምንም አልጠየቀም ነበር።

ኢንተርኔት አለ፣ ድረ ገጹ ግን አልከፍት አለ

ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ሰዓት እዩት። 2009 እ.ኤ.አ. የሚል ከሆነ ተገኘ። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች፤ እሷ ስታልቅ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ይመለሳል። አሳሹ የድረ ገጹን የደህንነት ሰርተፊኬት ከቀኑ ጋር ያመሳክራልና «ይሄ ገና አልጀመረም» ብሎ በር ይዘጋል። ለዛሬ ቀኑን በእጅ አስተካክሉ፣ ለነገ ባትሪዋን ቀይሩ። የእጅ ሰዓት ጠጋኞች ጋ አትጠፋም።

ፍላሽ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነ

ተማሪው ያለቅሳል። ፎርማት እንዳታደርጉት! ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አሉ፣ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ አድርጉ፤ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት አንሱ። ሾርትከቱን ሳትጫኑ ትክክለኞቹን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ፍላሹን ከዚያ አጽዱ። ካልሆነ ነገ የላቡ ኮምፒውተሮች ሁሉ ይያዛሉ።

አማርኛው አራት ማዕዘን ሆነ፣ ወይም የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ

ሁለቱ አንድ አይደሉም። አራት ማዕዘን ከሆነ ፎንት ነው የጎደለው፤ ኒያላን ወይም ሌላ የዩኒኮድ (ፊደሉን ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ኮድ የሚያውቅበት) ፎንት ጫኑ። ዝብርቅርቅ ከሆነ ሰነዱ ዩኒኮድ ባልሆነ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ያው ፎንት ካለበት ኮምፒውተር ውጭ አይነበብም። ልጆቹን ከመጀመሪያው በዩኒኮድ አስለምዷቸው።

60 ተማሪ፣ 20 ኮምፒውተር፣ የሚሠራው አንድ ልጅ

ይሄ ከሁሉ የከፋው ነው፣ ምክንያቱም ከሩቅ ሲታይ ጥሩ ትምህርት ይመስላል። ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፣ ስክሪኑ ይንቀሳቀሳል፣ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ቀረብ ብላችሁ እጆቹን እዩ። ማውሱን የያዘው ቤቱ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ነው። ሁለቱ ተመልካች ናቸው፣ አንዷ እንዲያውም የባዮሎጂ የቤት ሥራ እየሠራች ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አስቡት።

እኔን የሠራልኝ ዘዴ ቀላል ነው። ማውስ የያዘ አያስብም፣ የሚያስብ አይነካም። አንዱ ያዝዛል፣ አንዱ የታዘዘውን ብቻ ያደርጋል፣ ሦስተኛው የሆነውን በደብተር ይጽፋል። በየ8 ደቂቃው አጨበጭባለሁ፣ ይዞራሉ። የመጀመሪያ ቀን ጎበዙ ልጅ ይበሳጫል። «እሱ እኮ አያውቅም፣ እኔ ልሥራው!» ይላል። እንግዲህ እንዲያውቅ በቃልህ ንገረዋ!

ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ልጅ ካለም አትሸማቀቁ። የላቡ ሐኪም አድርጉት፤ የበሽተኛ ኮምፒውተሮችን መዝገብ እሱ ይያዝ።

ኮዱን ገልብጠዋል፣ አልገባቸውም

ምልክቱ ይሄ ነው፦ ሰሌዳ ላይ የጻፋችሁት ይሠራል፣ አንድ ቁጥር ቀይሩ ስትሏቸው ዝም። ማሽኑ አርጅቶ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሄደው የመጨረሻው የፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው) ስሪት 3.8 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለመጫን ቀናችሁን አትፍጁ። ለታናናሾቹ ስክራች የሚባለው ቀላል የፕሮግራም መጻፊያ አለ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው፣ ቋንቋውን አማርኛ ማድረግም ይቻላል።

ዋናው ምክንያት ግን ምሳሌዎቻችን ናቸው። መጽሐፉ የሚሰጠው ጥያቄ የልጁ ጥያቄ ስላልሆነ መልሱ ትክክል ይሁን ስህተት ግድ አይሰጠውም። እኔ ባሕረ ሐሳብን፣ የዘመን አቆጣጠራችንን ስሌት፣ ይዤ ነው የገባሁት። ዘንድሮ ጳጉሜን 5 ናት ወይስ 6? ይህንን እቤት አያቱን ጠይቆ መልሱን ማረጋገጥ ይችላል።

አንድ ቀን መብራት ሄደ። ላቡ ጨለመ፣ ልጆቹ «እሰይ!» አሉ። ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር። ድምሩን ለ4 አካፍል። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። በሉቃስ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ለ2015 ሠሩት፦ 7515፣ ለ4 ሲካፈል 1878፣ ቀሪ 3። ሉቃስ። እውነትም ያን ዓመት 6 ነበረች።

ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ 5500ን ለምን እንደምራለን? ሳንደምርም እኮ 3 ይቀራል።» ክፍሉ ተንጫጫ። ሞክሩት አልኳቸው። ለ2016 ሞከሩ፣ ለ2018 ሞከሩ፣ ተወለድንበት ላሉት ዓመት ሁሉ ሞከሩ። አንድ ነው። ለምን? ከደቂቃዎች በኋላ አንዷ አገኘችው፤ 5500 ራሱ ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል። ፕሮግራሙ በአንድ መስመር አጠረ፣ ያውም ኮምፒውተር ሳይበራ።

በማግስቱ መብራት ሲመጣ ወደ ፓይተን ገለበጡት። መስመሩን ወደ ውስጥ ገብ ማድረግ የረሳ ስህተት ወጣበት፣ አነበበው፣ አስተካከለው። ቀጣዩ ሥራ መስከረም 1 በምን ቀን ይውላል የሚለው ነው፦ ዓመተ ዓለሙንና (ዓመተ ምሕረቱ ሲደመር 5500) እሱ ለ4 ሲካፈል የደረሰውን ደምሩ፣ ለ7 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ይሄዳል፤ ዜሮ ሰኞ ነው። ለ2016 7516 ሲደመር 1879 9395 ነው፤ ቀሪው 1፣ ማክሰኞ። ደግሞ ሁልጊዜ ከማስኬዳቸው በፊት «ምን የሚወጣ ይመስላችኋል?» ብላችሁ በደብተር አስጽፉ። ሳይገምት ያስኬደ ልጅ የወጣውን ሁሉ ይቀበላል።

አሳይመንቱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ እንግሊዝኛውም ከእናንተ የተሻለ

ከኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነው፣ ግልጽ ነው። መከልከል ሞክሬ ነበር። የሆነው ነገር ቢኖር በስልክ እያዩ በእጃቸው መገልበጥ ጀመሩ። ጥያቄዬን መልሼ ሳየው ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነበር። «የኮምፒውተርን ጥቅም ዘርዝር» ለሚል ጥያቄ ማን ጭንቅላቱን ያስቸግራል?

አሁን ጥያቄውን ከኤአዩ መልስ በኋላ እጀምራለሁ። መልሱን ይዘው ይመጣሉ፣ ሥራቸው ስህተቱን ማግኘት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህቺን ስጧቸው፦ መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጅ ስንት ነው? አንዳንዴ በልበ ሙሉነት ሴፕቴምበር 11 ይላቸዋል። ከዚያ በፊት ያለው 2015 ሉቃስ፣ ጳጉሜንም 6 መሆኗን በራሳቸው ፕሮግራም ያገኙ ልጆች ግን 12 መሆን እንዳለበት ያውቃሉ። አንድ ልጅ ከማሽኑ ጋር ሲከራከር አየሁት፤ ሦስቴ ጻፈለት፣ ሦስተኛው ላይ ይቅርታ ተጠየቀ። ስክሪኑን አዙሮ ለመላው ክፍል አሳየ።

ለውጤቱ ደግሞ በየሳምንቱ አምስት ስም በዕጣ አወጣለሁ። የወጣለት ሰሌዳው ጋ መጥቶ ካስገባው ሥራ አንድ መስመር ያስረዳል። ሁለት ደቂቃ። ማስረዳት ያቃተው ለቀጣዩ ሳምንት ይዘጋጃል፣ ስሙም ዕጣው ውስጥ ይመለሳል።