በቡድን ስታድኑ አፈሙዝህ ማንን እያየ ነው?

በቡድን አደን ላይ ከአውሬው ይልቅ የሚያሳስበኝ የጓደኛዬ አፈሙዝ ነው፤ የእኔም እሱን ሊያሳስበው ይገባል። ጥሩ ተኳሽ መሆን ሌላ፣ ጠመንጃ ይዞ በሰው መሃል መሄድ ሌላ። ኢላማ የማይስት ሰው አፈሙዙን የፊተኛው ሰው ወገብ ላይ ደግኖ ሲራመድ ታያለህ፣ እሱ እኮ ልብ አላለውም፣ ዓይኑ ያለው ዱካው ላይ ነው። ብቻህን ስትሄድ ምንም ያልነበረው አያያዝ አጠገብህ ሰው ሲኖር አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ የምነግርህ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል፦ ማን የት እንዳለ እያየህ አያያዝህን ትቀያይራለህ።

ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉም ሰው ጠመንጃውን ይክፈት፣ ባዶ መሆኑን በዓይኑም በጣቱም ያረጋግጥ፣ ለሌሎቹም ያሳይ። ጓደኛህ «ባዶ ነው» ብሎ ቢያቀብልህ እንኳ ራስህ ከፍተህ እይ። እሱም ካንተ ሲቀበል እንዲሁ ያድርግ፣ ማንም በዚህ አይቀየም። በጉዞ ላይ ጥይቱ ካዝና ውስጥ ይሁን እንጂ አይቀባበል፣ ማለትም ለተኩስ ወደ በርሜሉ አይግባ። የሚቀባበለው አውሬው ያለበት ቦታ ደርሳችሁ፣ ቆማችሁ፣ እያንዳንዱ ሰው የት እንዳለ ከታወቀ በኋላ ነው። «ድንገት ቢነሳብንስ?» የሚል አይጠፋም። ቢነሳ ያመልጣል፣ በቃ፣ ሌላ ቀን ይገኛል። የምታድኑት ሰው የሚያጠቃ አውሬ ሆኖ ማቀባበል ግድ ከሆነም ከፊት ያለው ሰው ብቻ ያቀባብል።

ሴፍቲውን፣ ማለትም ጠመንጃው እንዳይተኮስ የሚቆልፈውን ማጠንጠኛ፣ አትመነው። ሴፍቲ ብረት ነው፣ ያረጃል፣ ቆሻሻ ይገባበታል፣ ቁጥቋጦ ሲታከከው ሳታውቅ ይከፈታል። አንዳንድ ጠመንጃ ደግሞ ጥይቱን ለማውጣት መጀመሪያ ሴፍቲውን መክፈት ግድ ይላል፣ ስለዚህ ልክ ልታራግፍ ስትል ነው አደጋው የሚጨምረው። ከድሮዎቹ ውስጥ ጭራሽ ሴፍቲ የሌላቸውም አሉ። ጣትህ ከቃታው ርቆ በጠመንጃው ጎን ላይ ተዘርግቶ ይቀመጥ። ወፍራም ጓንት ካደረግህ ቃታውን ስትነካ ላይታወቅህ ይችላል። የጃኬት ገመድ፣ የቦርሳ ማሰሪያ፣ ቅርንጫፍ፣ ሁሉም ቃታ ይስባሉ። ጠመንጃ ሲባርቅ ደግሞ ጥይቱ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ የድምፅ ፍጥነት 340 ሜትር አካባቢ ነው። «ተጠንቀቅ!» ብሎ ለመጮህ ጊዜ የለም። ያኔ የሚያተርፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አፈሙዙ ቀድሞውኑ ሰው ወደሌለበት ያይ የነበረ መሆኑ።

አሁን ወደ አያያዙ። ከሁሉም የምመርጠው በሁለት እጅ መያዝን ነው። አንዱ እጅ የሰደፉን አንገት ይዞ፣ ሌላው የፊተኛውን እንጨት ይዞ፣ ጠመንጃው ደረትህ ላይ ሰያፍ ተጋድሞ አፈሙዙ ወደ ላይና ትንሽ ወደ ጎን ያያል። ብትደናቀፍ እንኳ አፈሙዙን የምታዝዘው አንተ ነህ። ቁጥቋጦ ሲበዛ፣ መንገዱ ሲጠብ፣ ሰው በሁሉም በኩል ሲኖር ከዚህ የተሻለ የለም። ክንድህ ሲዝል ጠመንጃውን እንደ ሕፃን ልትታቀፈው ትችላለህ፣ ግን ያኔ አፈሙዙ በቀጥታ ወደ ጎን ነው የሚያየው፣ በዚያ በኩል ሰው ካለ ተወው።

ማንገቻ ረጅም መንገድ ላይ ያሳርፋል። ችግሩ ስታጎነብስ ነው። ከቅርንጫፍ ሥር ልታልፍ ወይም ጫማህን ልታስር ወገብህን ስታጥፍ፣ ከትከሻህ በላይ ሰማይ ሲያይ የነበረው አፈሙዝ ወደ ፊት ይዘነበልና ፊትህ ያለውን ሰው ጀርባ ያገኛል። ይሄን በጣም ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጀርባህን ቀጥ አድርገህ በጉልበትህ ዝቅ በል፣ ማንገቻውን በእጅህ ያዝ፣ ወይም አውርደህ በሁለት እጅ ያዘው። አፈሙዙን ቁልቁል አድርገው የሚያነግቱም አሉ፣ ዝናብ አያስገባም፣ ግን ስትቀመጥ መሬት ይነካና ጭቃ ይጎርሳል፤ የተደፈነ በርሜል ሲተኮስበት ሊፈነዳ ይችላል። ከወደቅህ ወይም አፈሙዙ መሬት ከነካ ጥይቱን አውጣ፣ ጠመንጃውን ክፈት፣ በርሜሉን ከኋላ በኩል አሾልከህ እይ። ከፊት በኩል ግን በፍጹም አትመልከት።

ትከሻ ላይ ተሸክሞ አፈሙዙን ወደ ኋላ ማድረግ ከኋላህ ሰው ካለ አይሆንም። በአንድ እጅ ከጎን አንጠልጥሎ አፈሙዙን ወደ ፊት ማድረግ ደግሞ ከፊትህ ሰው ካለ አይሆንም። በቡድን መሃል ሁለቱንም ብትረሳቸው ይሻልሃል።

ተከታትላችሁ ስትሄዱ የመጀመሪያው ሰው ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ያደርጋል፣ የመጨረሻው ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን። የመሃሉ ሰው ምርጫው ጠባብ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ሰው አለበት፣ ስለዚህ ወይ ወደ ጎን፣ ወይ በሁለት እጅ ወደ ላይ። ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ግን «ጎን» የሚባለው ነገር ይለወጣል። መንገዱ ሲታጠፍ ቅድም ባዶ የነበረው ጎንህ አሁን ጓደኛህ ከላይህ ወይም ከታችህ የሚሄድበት ሊሆን ይችላል። በየመታጠፊያው ቆም ብለህ እይ።

ጎን ለጎን ተዘርግታችሁ የምታድኑ ከሆነ ከሦስት ባትበልጡ ጥሩ ነው፣ ከ25 እስከ 35 ሜትር ተራርቃችሁ፣ ሁልጊዜ እየተያያችሁ። የቀኙ ሰው አፈሙዙን ወደ መሃል አያዞርም፣ የግራውም እንዲሁ፣ የመሃሉ ሰው ወደ ፊት ወይም ወደ ላይ ብቻ። እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ 45 ዲግሪ ያህል የሚሰፋ የራሱ የተኩስ ክልል አለው። ስፋቱን ለመገመት ጠመንጃ ሳትይዝ ሞክረው፦ ዓይንህን ሩቅ ያለ ነገር ላይ ተክል፣ ሁለቱንም ክንድህን አውራ ጣትህን ወደ ላይ አቁመህ ወደ ጎን ዘርጋ፣ ከዚያ ዓይንህን ሳታንቀሳቅስ ሁለቱም አውራ ጣቶች ጥርት ብለው እስኪታዩህ ድረስ ክንዶችህን ወደ ፊት ሰብስብ። በመሃላቸው ያለው ያንተ ነው፣ ከዚያ ውጭ የሄደ አውሬ የሌላ ሰው ነው ወይም የማንም አይደለም። ክልሉ በየእርምጃህ ይቀያየራል። አንዱ ወደ ኋላ ከቀረ ጓደኞቹ እሱ ክልል ውስጥ ገቡ ማለት ነው፣ መስመሩ እስኪስተካከል ሁሉም ይቁም።

ሰው የሚሳሳተው አውሬው ሲሮጥ ነው። ልብ ይመታል፣ ዓይን አውሬውን ብቻ ያያል፣ አፈሙዙም አብሮ ይዞራል፣ ይዞርና መስመሩ ላይ ይደርሳል። አውሬው ወደ ጓደኛህ አቅጣጫ ከዞረ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አንሳ፣ ተወው ይሂድ። አፈሙዙ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ 100 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ75 ሳንቲሜትር ያህል ልዩነት ያመጣል፣ ስለዚህ «ትንሽ ከጎኑ ነው የምተኩሰው» የሚባል ስሌት የለም። ከአውሬው ጀርባ ያለው ነገር ካልታየህም አትተኩስ። የትልቅ አደን ጠመንጃ ጥይት ከፍ ተደርጎ ከተተኮሰ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። የሚንቀሳቀሰው ምን እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ማጉያ መነጽር ለብቻው ያዝ፣ በጠመንጃው መነጽር መፈለግ ማለት ምናልባት ሰው ላይ መደገን ማለት ነው። ሁላችሁም ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያና ኮፍያ አድርጉ። አጋዘን ብርቱካናማን ከአረንጓዴ የመለየት አቅሙ ደካማ ነው፣ ሰው ግን ከሩቅ ያየዋል።

ቃታ ስበህ ቀጭ ብቻ ካለ ቶሎ አትክፈተው፣ ጥይቱ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞርህ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቅ።

አጥር፣ ቦይ፣ የወደቀ ግንድ ሲያጋጥማችሁ ጠመንጃ ይዞ መዝለል የለም። ሁለት ከሆናችሁ ሁለቱንም ጠመንጃ አራግፉ፣ ከፍታችሁ ተዋቸው፣ አንዱ ሁለቱንም ይያዝ፣ ሌላው ይሻገርና አንድ በአንድ ይቀበለው። ብቻህን ከሆንክ የተራገፈውን ጠመንጃ አፈሙዙን ካንተ አርቀህ በአጥሩ ሥር አሳልፈህ አጋድመው፣ ራስህ በሰደፉ በኩል ተሻገር። አፈሙዙን ይዘህ ወደ ራስህ አትጎትት። ዛፍ ላይ ወዳለ መጠበቂያ ማማ ስትወጣም በባዶ እጅ ውጣ፣ የተራገፈውን ጠመንጃ ቀድመህ ባሰርከው ገመድ አፈሙዙን ቁልቁል አድርገህ ጎትተው። ውሻ ካላችሁ የጎረሰ ጠመንጃ መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ ዛፍ ላይም አታስደግፉ፣ ውሻ በእግሩ ቃታ ሊነካ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን መናገር ነው። የጓደኛህ አፈሙዝ ሲያይህ ይሉኝታ ይይዝሃል፣ በተለይ በዕድሜ ከበለጠህ ወይም ጠመንጃውም ምድሩም የእሱ ከሆነ። ንገረው። ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ቃል ተስማሙ፣ «አፈሙዝ» ማለት ብቻ ይበቃል፣ የሰማ ሰው ሳይከራከር ያስተካክላል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ሁለት ጊዜ ተነግሮት ያልሰማ ሰው ጠመንጃውን አራግፎ ከኋላ ይከተል። ይሄን ሕግ ማንም ሳይበሳጭ ጠዋት ላይ ብታወጡት ይቀላል፤ ከሰዓት በኋላ ሲደክማችሁ ጠብ ይሆናል።

አውሬው ከወደቀ በኋላ ሁሉም ሰው አብሮ አይሩጥ። ጠመንጃውን ዝግጁ አድርጎ የሚጠጋው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ካሉበት ያራግፉና ይጠብቁ። መሞቱ ሲረጋገጥ እሱም ያራግፋል፣ ሥጋ መጎተትና መሸከም የሚጀመረው ከዚያ ነው። ወደ መኪና ስትመለሱም ከመሳፈራችሁ በፊት ካዝናው ይውለቅ፣ ማቀባበያው ተከፍቶ ውስጡ በዓይንም በጣትም ይታይ፣ ከዚያ ጠመንጃው ወደ ማህደሩ ይግባ።