የመብራት ታይመር ችግሮችና መፍትሄያቸው፦ መጀመሪያ ስህተቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይለኩ

«ተበላሸ» ተብዬ ከምጠራባቸው የመብራት ታይመሮች (መብራትን በተሞላላቸው ሰዓት የሚያበሩና የሚያጠፉ መሣሪያዎች) አብዛኞቹ አልተበላሹም። መብራቱ በማይፈለግበት ሰዓት ሲበራ ባለቤቱ ሻጩን ይወቅሳል፣ ሻጩ የገጠመውን ኤሌክትሪሺያን ይወቅሳል፣ ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ በኃይል መቆራረጥ ያሳብባል፤ ስህተቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን ከሦስቱ አንዱም አልለካም። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት መብራቱ መብራት ይገባው በነበረበት ሰዓትና በእርግጥ በበራበት ሰዓት መካከል ያለውን ልዩነት ይጻፉ። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ምክንያቱ አንድ ነው፤ 12 ከሆነ ሌላ ነው፤ በየቀኑ እያደገ የሚሄድ ከሆነም ሌላ ነው።

የምናገረው በአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ በብዛት ስለሚገኘው፣ በብሬከር ሳጥን ውስጥ ወይም ግድግዳ ላይ ስለሚታሰረው፣ 220 ቮልትና 16 አምፔር ተብሎ ስለተጻፈበት ባለ ስክሪን ታይመር ነው። አምፖሉ ደህና መሆኑንና ብሬከሩ አለመውደቁን አስቀድመው እንዳረጋገጡ እቆጥራለሁ።

ስህተቱ ልክ 6 ሰዓት ሲሆን

በየሰፈሩ ደጋግሜ የማገኘው ይህን ነው። ታይመሩ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ከ0 እስከ 24 ይቆጥራል፤ እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምረን በ12 በ12 እንከፍለዋለን። ኤሌክትሪሺያኑ ስልኩን አይቶ የታይመሩን ሰዓት 15:00 ብሎ ይሞላል። እሱ ከሄደ በኋላ ባለቤቱ በለመዱት አቆጣጠር ማታ 1 ሰዓት እንዲበራ፣ ንጋት 11 ሰዓት እንዲጠፋ ፈልገው 1:00 እና 11:00 ብለው ያስገባሉ። ታይመሩም የታዘዘውን ሳያዛንፍ ይፈጽማል፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት አብርቶ ከረፋዱ 5 ሰዓት ያጠፋል። ቤተሰቡ ሲመሽ በጨለማ ይገባል፣ መብራቱ ሁሉም ከተኛ በኋላ ይበራል፣ ጠዋት ፀሐይ ወጥታም እንደበራ ያገኙታልና «ማብራትም ማጥፋትም አልቻለም» ይሉታል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስት መልክም አለው። በአንድ ግቢ የአጥር ፓውዛዎቹ ቀንና ሌሊት አይጠፉም ተብሎ ሁለት ታይመር ከተቀየረ በኋላ፣ ሦስተኛው ሊገዛ ሲል ተጠራሁ። ፕሮግራሙን ስከፍተው ማብሪያው 12:30፣ ማጥፊያው 12:00 ይላል። ባለቤቱ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል እንዲበራና ንጋት 12 ሰዓት እንዲጠፋ ነበር ፍላጎታቸው። ታይመሩ ግን ሁለቱንም ቀትር ላይ ስለሚያውላቸው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ያበራና በማግስቱ በ6 ሰዓት ያጠፋል፤ ማለትም ከ24 ሰዓት ውስጥ 23 ሰዓት ተኩል አብርቶ በጠራራ ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ብቻ ያርፋል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ቀና ብሎ አምፖል የሚያይ ሰው ስለሌለ «ውስጡ ተጣብቋል» ተብሎ ተደመደመ። የወለቁት ሁለቱም ታይመሮች ጤነኞች ነበሩ፤ አንደኛው አሁን የዚያው ግቢ የደረጃ መብራት ላይ ያለ እንከን ይሠራል።

መፍትሄው ሰዓቱንም ፕሮግራሙንም በአንድ ዓይነት አቆጣጠር መሙላት ነው። እኔ ሁልጊዜ የምሞላው በ24 ሰዓቱ ነው። ስሌቱም እንዲህ ነው፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ላይ 6 ይደምሩ፤ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ባለው ላይ 18 ይደምሩ፤ የእኩለ ሌሊቱ 6 ሰዓት 0:00 ነው፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ካለው ላይ ደግሞ 6 ይቀንሱ። በዚህ መሠረት ምሽት 12 ሰዓት ተኩል 18:30፣ ማታ 4 ሰዓት 22:00፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል 5:30 ይሆናል። ሁሉንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላትም ይቻላል፤ ነገር ግን የንጋቱ 12 ሰዓት 0:00፣ የምሽቱ 12 ሰዓት 12:00፣ የማታው 5 ሰዓት 17:00 ተብሎ መግባት ይኖርበታል፤ የሳምንቱ ቀንም የሚለወጠው ንጋት ላይ ይሆናል። ይህን የሚያስታውሰው ደግሞ መጀመሪያ የሞላው ሰው ብቻ ነው።

ያንን ያየሁት በአንድ የኪራይ ሕንፃ ውስጥ ነው። አከራዩ ታይመሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልተውት በትክክል ይሠራ ነበር፤ አንድ ተከራይ ስክሪኑን ከስልኩ ጋር አስተያይቶ «6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል» በማለት አስተካከለው፤ የግቢው ጥበቃም መብራቱ ያለ ሰዓቱ ሲበራ አይቶ መልሶ አስተካከለው። እያንዳንዱ በበጎ ሐሳብ ሲያስተካክል መብራቱ ያለ ሥርዓት ሲበራና ሲጠፋ ከረመ። ስለዚህ የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀሙ በወረቀት ጽፈው በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በናስትሮ ይለጥፉ፤ ታይመሩ የቁልፎች መቆለፊያ ካለውም ይቆልፉት።

በአዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ18:00 እስከ 18:50 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ በየወቅቱ ፕሮግራሙን መነካካት አያስፈልግም። ማብሪያውን 18:10 ላይ አድርጎ መተው በቂ ነው። ፀሐይ መግቢያን ራሱ የሚያሰላ ውድ ታይመር የሚጠቅመው እንደ ስዊድን ባለ አገር ነው እንጂ እዚህ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሌሎች የሰዓት ልዩነቶች

ልዩነቱ 12 ሰዓት ከሆነ ስክሪኑ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ላይ ነው፤ የቀኑን የፊተኛና የኋለኛ አጋማሽ የሚለየው ትንሽ ምልክት ተገልብጧልና ያስተካክሉት። ፕሮግራሙ «አብራ» በሚልበት ደቂቃ የሚያጠፋ፣ «አጥፋ» በሚልበት ደቂቃ የሚያበራ ከሆነ ግን ችግሩ ከሰዓቱ ሳይሆን ከሽቦው ነው፤ ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ታይመሩ ሲያርፍ ኃይል በሚያስተላልፈው መውጫ ላይ ታስሯል፤ በታይመሩ ጎን ያለውን ሥዕል አይተው ወደ ሌላኛው መውጫ ያዛውሩት።

ልዩነቱ 1 ሰዓት ሆኖ በተለይ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ከጀመረ፣ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ታይመር የበጋ ሰዓት ለውጥ በርቷል ማለት ነው። እኛ አገር ሰዓት ስለማይለወጥ ከማስተካከያው ውስጥ ያጥፉት። በዋይፋይ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ የተመዘገበበትን አገር ሰዓት ይከተላል። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ በራሱ ስልክ መዝግቦ የላከው ከሆነ፣ በእነሱ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ይዛነፋል። ዱባይ የተመዘገበ በ1 ሰዓት ይዛነፋል፤ ሪያድ የተመዘገበ ግን ሰዓታችን አንድ ስለሆነ አይዛነፍም። በመተግበሪያው ውስጥ አዲስ አበባን ይምረጡ።

በየቀኑ 4 ሰዓት እየዘገየ የሚሄድ ታይመር ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ፣ በሞተር የሚዞር ባለ ጥርስ ታይመር ነው። የእነሱ ኃይል 120 ቮልትና 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ሲሆን የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ባለቤቱ ብልህ ሆኖ ትራንስፎርመር ገዝቶ ይሆናል፤ ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ስለዚህ ሞተሩ በ24 ሰዓት ውስጥ የ20 ሰዓት መንገድ ብቻ ይዞራል። ጥገና የለውም። ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ የተሰካው የአሜሪካ ዲጂታል ታይመርማ የሚተርፈው ሽታው ብቻ ነው።

የእኛን ቮልትና ኸርዝ ጠብቆ የተሠራ ባለ ጥርስ ታይመርም ባትሪ ስለሌለው ኃይል ሲቋረጥ ይቆማል፤ ኃይል 3 ሰዓት ከጠፋ 3 ሰዓት ይዘገያል። ኃይል በሚመላለስበት ሰፈር አልመክረውም።

ዓርብ ማታ በርቶ እስከ ሰኞ የማይጠፋ

ፕሮግራሙ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው የቀን ምድብ ላይ ተሞልቷል። ዓርብ 18:30 ያበራና ማጥፊያው በሚቀጥለው ቅዳሜ ንጋት ላይ ስላልተመዘገበ እስከ ሰኞ 6:00 ድረስ ይቀጥላል። እኩለ ሌሊትን የሚያልፍ ፕሮግራም ማጥፊያው የማግስቱን ቀንም መያዝ አለበት፤ ቀላሉ ሰባቱንም ቀን መሙላት ነው።

ከፕሮግራሙ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ስህተት አለ። በብዙዎቹ ታይመሮች ላይ በእጅ ካበሩት ቦታ በቀጥታ ወደ አውቶ (በፕሮግራሙ ወደሚሠራበት ቦታ) ቢመለሱ፣ የሚቀጥለው የማጥፊያ ሰዓት እስኪደርስ እንደበራ ይቆያል። በመጀመሪያ ወደ ኦፍ ይውሰዱት፣ ከዚያ ወደ አውቶ።

ኃይል ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ የሚጠፋ

ስክሪኑ ኃይል ሲመጣ 0:00 የሚያሳይ ከሆነ በውስጡ ያለችው ትንሽ ቻርጅ የምትደረግ ባትሪ ባዶ ናት ወይም ሞታለች። አዲስ ታይመር መደርደሪያ ላይ ከርሞ ስለሚመጣ፣ ሰዓቱን ከመሙላትዎ በፊት ኃይል ላይ አንድ ሌሊት ያቆዩት፤ ከዚያ ሪሴት የምትለዋን ቀዳዳ በሹል ነገር ተጭነው እንደ አዲስ ይሙሉት። ቻርጅ ተደርጎም ሰዓቱን የማይዝ ከሆነ ባትሪዋ ትቀየራለች፤ ነገር ግን ቻርጅ በማይደረግ የሰዓት ባትሪ በፍጹም አይተኳት። ታይመሩ ቻርጅ ሊያደርጋት ስለሚሞክር ታብጣለች፣ ታፈስሳለች፣ ልትፈነዳም ትችላለች። ይህን «ጥገና» ብለው ገንዘብ የሚቀበሉ አሉ።

ሰዓቱና ፕሮግራሙ ትክክል ሆኖ መብራቱ የማይጠፋ

ስክሪኑ ኦፍ እያለ፣ ውስጡ ጠቅ እያለ መብራቱ ካልጠፋ የሪሌዩ (ታይመሩ ውስጥ ኃይሉን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ክፍል) ጥርሶች በእርግጥ ተጣብቀዋል። በታይመሩ ፊት የተጻፈው 16 አምፔር ለምጣድና ለመሰል ተራ ማሞቂያ የሚሠራ ቁጥር ነው፤ ኤልኢዲ ፓውዛ ግን በሚበራባት ቅጽበት ከተጻፈባት ኃይል ብዙ እጥፍ የሆነ ኩሬንቲ ትስባለች፤ ብዙ ፓውዛዎች በአንድ ታይመር ላይ ሲታሰሩ ያ ብልጭታ ጥርሶቹን ይበይዳቸዋል። በካቻቢቴ እጀታ ሲያንኳኩት ይላቀቃል፤ እስከ ነገ ማታ ድረስ። መፍትሄው ታይመሩን ቀይሮ በመሀል ኮንታክተር (ከባድ ጭነት የሚችል፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ማስገባት ነው፤ ታይመሩ ኮንታክተሩን ብቻ ያዛል፣ የፓውዛዎቹን ጭነት የሚሸከመው ኮንታክተሩ ይሆናል። ለውሃ ፓምፕም እንደዚሁ፤ ፓምፕን በቀጥታ በዚህ ታይመር ላይ ማሰር አዲስ ታይመር ለመግዛት ቀጠሮ እንደመያዝ ነው።

ሳጥኑን ከመክፈትዎ በፊት ብሬከሩን ያውርዱ። ጄኔሬተር ወይም ኢንቨርተር ያለበት ቤት ከሆነ እሱንም ያጥፉ፤ ብሬከሩ ወርዶም በሌላ መንገድ ኃይል ተመልሶ ሊገባ ይችላል። በሽቦ ቀለም አይመኑ። ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) በጥቁር፣ ኒውትራሉ (የሚመልሰው ሽቦ) በቀይ የተዘረጋባቸው ቤቶች አሉ፤ አልፎ ተርፎም ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን ትቶ ኒውትራሉን የሚቆርጥባቸው አጋጥመውኛል፤ በዚያ ቤት መብራቱ ጠፍቶም አምፖሉ መያዣ ላይ ፌዝ አለ። በተስተር ይፈትሹ፣ ተስተሩንም አስቀድመው ኃይል እንዳለው በሚያውቁት ሶኬት ላይ ይፈትሹ።

ከጠፋ በኋላ ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ወይም ብልጭ የሚል ኤልኢዲ

በግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ቦታ የሚገባው ታይመር በዚያ ሳጥን ውስጥ ኒውትራል ካላገኘ፣ ራሱን የሚያንቀሳቅሰውን ጥቂት ኩሬንቲ በአምፖሉ በኩል ይስባል። የድሮው ባለ ክር አምፖል አያስተውለውም፤ ኤልኢዲ ግን በዚያችው ትንሽ ኩሬንቲ ይበራል። በቤቶቻችን ወደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ፌዝና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ ብቻ ስለሆነ፣ ትክክለኛው መፍትሄ ከጁንክሽን ቦክሱ (ሽቦዎቹ ከሚገናኙበት ሳጥን) ኒውትራል ማውረድና ኒውትራል የሚቀበል ታይመር መግዛት ነው። ግድግዳ መቆፈር ካልተቻለ ከአምፖሉ ጎን የምትታሰር፣ ለዚሁ ተብላ የተሠራች ካፓሲተር ትሸጣለች። ኒውትራል ሲያጡ የመሬት ሽቦውን በኒውትራል ቦታ የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ ይሠራል፤ መሬት ሽቦው አንድ ቀን ሲላቀቅ ግን ከእሱ ጋር የተያያዘው የፍሪጅና የምጣድ ብረት ሁሉ ፌዝ ይይዛል። እንዲህ ታስሮ ካገኙት ዛሬውኑ ያስፈቱት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

በክረምት ደጅ ያለ ታይመር ስክሪኑ ውስጥ ጉም ከያዘ ውሃ ገብቶበታል፤ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ። ቁልፎቹ ሁሉ እምቢ ካሉና ስክሪኑ የማይነበብ ምልክት ካሳየ ሪሴት ይጫኑ። ሽቦው የሚታሰርበት ቦታ ከጠቆረ ብሎኑ ላልቶ ነበር፤ የተቃጠለውን ጫፍ በፒንሳ ቆርጠው እንደ አዲስ ይሰሩት፣ ፕላስቲኩ ከቀለጠ ግን ታይመሩን ይጣሉት።