ቴሌስኮፔ ምንም አያሳይም! የአይፒስና የፊልተር ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

በዘመድ ሻንጣ ከውጭ የሚመጣው የጀማሪ ቴሌስኮፕ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የፊት ሌንሱ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ (ከሌንሱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ቦታ ያለው) 700 ሚሊ ሜትር። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «525 እጥፍ ያጎላል» ይላል። ውስጡ ሁለት ሦስት አይፒስ፣ ማጉላቱን የሚያባዛ አንድ ባርሎ ሌንስና የሚንቀጠቀጥ ትራይፖድ አለ። አይፒስ የምንለው ከኋላ የሚሰካውን፣ ዓይናችንን የምናስጠጋበትን ትንሽ ሌንስ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ዕቃው ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ባለቤቱም «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የፊት ሌንሱ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው ከኋላ፣ አይፒሱ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ቅሬታዎች ናቸው። ለስሌቱ ይህንኑ 70 በ700 እጠቀማለሁ። የእናንተ ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ቀይሩ።

«ፀሐይን የሚያሳይ ትንሽ ጥቁር ፊልተር አብሮ መጥቷል። ልጠቀምበት?»

አትጠቀሙበት። ከሁሉም ያስቀደምኩት ሌላው ስህተት አንድ ምሽት ቢያበላሽ ነው፣ ይሄኛው ግን ዓይን ያጠፋል።

አይፒሱ ላይ የሚጠመዘዘው ትንሽ ጥቁር መስታወት የሚቀመጠው የፊት ሌንሱ ብርሃኑን ሁሉ ከሚሰበስብበት ቦታ አጠገብ ነው። እዚያ ሙቀቱ ከባድ ነው። መስታወቱ ድንገት ይሰነጠቃል፤ ዓይናችሁም እዚያው እንደተደገነ ነው። የፊት ሌንሱ ለዓይን የሚያቀብለው ብርሃን ባዶ ዓይን ከሚቀበለው በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ሬቲና፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ክፍል፣ ደግሞ የሕመም ስሜት የለውም። ሲቃጠል አይነግራችሁም። ስለዚህ ያንን ፊልተር ለሌላ ሰው አትስጡ፤ ሰብራችሁ ጣሉት።

የግርዶሽ መነፅርም መፍትሄ አይሆንም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ ሲታይ ብዙ ሰው የካርቶን መነፅር ገዝቶ ነበር። ያ መነፅር የተሠራው ለባዶ ዓይን ነው። አጥልቃችሁት በቴሌስኮፕ ብታዩ የተሰበሰበው ብርሃን ፊልሙን ይበሳዋል። የራጅ ፊልምና ጥላሸት የተቀባ መስታወትማ ለባዶ ዓይንም አይሆኑም።

ትክክለኛው ፊልተር የሚገጠመው ከፊት ነው፤ ብርሃኑ ቱቦው ውስጥ ሳይገባ። ርካሹና ጥሩው አማራጭ የፀሐይ ፊልም ነው። በወረቀት መጠን ይሸጣል፣ በካርቶን ክብ ሠርቶ መግጠም ይቻላል። ስትገዙ ቁጥሩን እዩ። 5.0 የሚለው ከመቶ ሺህ የብርሃን እጅ አንዱን ብቻ ያሳልፋል፤ ለዓይን የተሠራው እሱ ነው። 3.8 የሚለው ለካሜራ ብቻ ነው። ሁለቱ መልካቸው ስለሚመሳሰል ዘመድ አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆኖ ሲያዝላችሁ ቁጥሩን ጽፋችሁ ላኩለት።

ፊልሙ ቢሸበሸብ አትጨነቁ። ወጥሮ መለጠፍ እንዲያውም ምስሉን ያበላሻል። የሚያሰጋው ቀዳዳ ነው። ሁልጊዜ ከመጠቀማችሁ በፊት ወደ አምፖል አቅጣጫ ይዛችሁ ተመልከቱት። የመርፌ ቀዳዳ ወይም የተላጠ ቦታ ካያችሁ ቀይሩት። ንፋስ እንዳይወስደው በፕላስተር ከቱቦው ጋር አስሩት። ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ፈላጊ ቴሌስኮፕም ክደኗት ወይም ንቀሏት። ብዙ ሰው የሚረሳው እሷን ነው። ልጅ ደግሞ ቀድሞ የሚያይባት እሷን ነው።

ፈላጊዋ ከተነቀለች ፀሐይን እንዴት እናገኛለን? በጥላ። የቱቦው ጥላ መሬት ላይ በጣም እስኪያንስ ድረስ አንቀሳቅሱት። ያኔ ፀሐይ አይፒሱ ውስጥ ገብታለች።

ለእኛ አካባቢ የሚቀጥለው ትልቅ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ጅዳ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሙሉው ግርዶሽ እዚያ ወደ 6 ደቂቃ ይቆያል። ፊልተሩ የሚነሳው በእነዚያ ደቂቃዎች ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግርዶሹ ከፊል ስለሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊልተሩ አይነሳም። ክረምቱ ካስቻለን ነው እንግዲህ።

«ፊልተር ገጥሜ ፀሐይን አየኋት፤ ግን ነጭ ኳስ ብቻ ናት»

ነጠብጣብ የሌለባት መስሏችሁ ከሆነ መጀመሪያ ትኩረቱን በጠርዟ አስተካክሉ። ጠርዙ እንደ ምላጭ ሲጠራ ነጠብጣቦቹ ይወጣሉ። ጠርዙ የሚፈላ ከመሰለ ደግሞ ጥፋቱ የሙቀት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አስፋልትና ሲሚንቶ ግቢ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ይለቃሉ። ሣር ላይ ቁሙ፤ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ እዩ። ከ35 እስከ 70 እጥፍ ማጉላት ይበቃል።

አንዳንድ ቀን ግን እውነትም ነጠብጣብ የለም። የፀሐይ እንቅስቃሴ በ11 ዓመት ገደማ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። የቅርቡ ከፍታ በ2024 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው።

ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ቀይ እሳታማ ምላስ በዚህ ፊልም አይታይም። ለእሱ የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን፣ ማለትም 656 ናኖ ሜትሩን ብቻ የሚያሳልፍ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። ዋጋው ከቴሌስኮፑ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለጀማሪ አልመክረውም።

«ማታ ሳይ ጨለማ ብቻ ነው»

ክዳኑን አዩ? ሳቅ አይደለም። ብዙ ክዳኖች መሃላቸው ላይ ሌላ ትንሽ ክዳን አላቸው፤ ሰው ትንሿን ብቻ ይከፍትና ትልቁን ይተወዋል።

ቀጥሎ ዲያጎናሉን እዩ። ብርሃኑን ወደ ላይ የሚያጥፈው ባለ ክርን ዕቃ ነው። ያለ እሱ አይፒሱን በቀጥታ ብትሰኩት በሌንስ ቴሌስኮፕ ላይ ትኩረቱ አይደርስም። ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆናል።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ፈላጊዋ ከትልቁ ቱቦ ጋር አልተስተካከለችም ማለት ነው። ይህን ማታ አትሞክሩት። ቀን ላይ፣ ከፀሐይ ርቃችሁ፣ ሩቅ ያለ የኔትወርክ አንቴና በትልቁ ቱቦ ፈልጉ። አንቴናው መሃል ሲገባ የፈላጊዋን ብሎኖች እያዞራችሁ መስቀለኛው እዚያው ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ሁልጊዜ ቁጥሩ ትልቅ በሆነው አይፒስ፣ በ20 ወይም በ25 ሚሊ ሜትሩ ጀምሩ። ቁጥሩ ሲያንስ ማጉላቱ ይጨምራል፣ የምታዩት የሰማይ ቁራጭ ግን ይጠባል።

«ይጎላል፣ ግን ብዥታ ብቻ ነው»

የ525 እጥፍ ጉዳይ እዚህ ይመጣል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት ለአይፒሱ ቁጥር ማካፈል። 700 ለ20 ሲካፈል 35 እጥፍ፣ ለ10 ሲካፈል 70 እጥፍ፣ ለ4 ሲካፈል 175 እጥፍ። እዚያ ላይ ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ባርሎ ሲጨመር 525 ይሆናል። ውሸት አልተጻፈም፤ ጥቅም የለውም እንጂ።

የማጉላት ጣሪያውን የሚወስነው የፊት ሌንሱ ስፋት ነው። ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 2 እጥፍ ያዙ። ለ70 ሚሊ ሜትር 140 እጥፍ ማለት ነው፤ እሱም ሰማዩ ረጋ ባለበት ምሽት። ከዚያ በላይ ትንሽ ፎቶን ስልክ ላይ ደጋግሞ እንደማስፋት ነው፤ ዝርዝሩ አይጨምርም። አብሮ የሚመጣው 4 ሚሊ ሜትር አይፒስ ደግሞ ቀዳዳው እንደ መርፌ ጠባብ፣ ሌንሱም ተራ ነው። መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። ባርሎውም ፕላስቲክ ከሆነ አብሮት ይግባ።

ገንዘብ ካላችሁ ለሁለት ነገር አውጡት። አንደኛ፣ ፕሎስል የሚባለው ዓይነት 25 ወይም 32 ሚሊ ሜትር አይፒስ፤ ሰማዩን ሰፋ አድርጎ ያሳያል። ሁለተኛ፣ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ባለ 66 ዲግሪ ሰፊ ዕይታ አይፒስ፤ 78 እጥፍ ይሰጣል። የሳተርን ቀለበትና የጁፒተር ቀበቶዎች በዚህ ይታያሉ። በስብስብ ሳጥን የሚሸጡት አሥር ዕቃዎች ላይ ገንዘብ አታጥፉ። ግማሹን አትነኩትም።

ከማዘዛችሁ በፊት ግን ማስመሪያ አንሡ። አይፒሱ የሚገባበትን ቀዳዳ ለኩ። 31.7 ሚሊ ሜትር ከሆነ የተለመደው መጠን ነው፤ ሁሉም ሱቅ አለው። 24.5 ከሆነ የድሮው መጠን ነው፤ አዲሱ አይፒስ አይገባለትም፣ ማስማሚያ ቀለበት ወይም ዲያጎናል ያስፈልገዋል። ዕቃ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጥቶ አልገባ ሲል ያበሳጫል።

ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖ ብዥታው ካለቀቀ ቴሌስኮፑን ከቤት አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። የሞቀ ቱቦ የራሱን አየር ያምሳል። በመስኮት መስታወት ውስጥ ማየትማ አይታሰብ።

«መነፅር አደርጋለሁ፤ ጥቁር ጥላ ይመጣብኛል»

ቅርብ ወይም ሩቅ ማየት ብቻ ከሆነ ችግራችሁ መነፅሩን አውልቁ። የትኩረት መዘውሩ ያካክሰዋል። አስቲግማቲዝም ካለባችሁ ግን መነፅሩ መቆየት አለበት። ያኔ ዓይን ከሌንሱ ራቅ ብሎም ማየት የሚችልበት አይፒስ ያስፈልጋል፤ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቀት የሚፈቅድ። 10 ሚሊ ሜትር ፕሎስል 7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሽፋሽፍት ይነካዋል።

«ምስሉ ተገልብጧል»

ጤነኛ ነው። ለሰማይ ላይና ታች የለውም። የሚያቃናውን ተጨማሪ ሌንስ አትግጠሙ፤ ብርሃን ይበላል።

«አንገቴ ተቀጨ»

ይሄ የእኛ አገር ችግር ነው። ጨረቃና ፕላኔቶች ኢትዮጵያ ላይ ወደ አናት ተጠግተው ያልፋሉ። ለዕይታ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ብርሃናቸው የሚያቋርጠው አየር ያንሳል። አብሮ የሚመጣው ዲያጎናል ግን ብዙ ጊዜ ባለ 45 ዲግሪ ነው፣ ለወፍና ለተራራ የታሰበ። ወደ አናት ለማየት መሬት ላይ መንበርከክ ግድ ይሆናል። ባለ 90 ዲግሪ ይግዙልኝ በሉ። ከአዲስ አይፒስ በፊት እሱን አስቀድማለሁ።

«ባለ ክብደቱ ማቆሚያ ኮከብ አይከተልም»

ባለ ክብደት ማቆሚያ፣ ማለትም ቴሌስኮፑን በሌላ ወገን የሚያመዛዝን ክብደት ያለው፣ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ መጠቆም አለበት። ከዋሽንግተን የመጣ ዕቃ 39 ዲግሪ ላይ ተስተካክሎ ይሆናል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። የሰሜን ኮከብ እዚህ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል፤ ከተማው ውስጥ እንጦጦ ወይም የጎረቤት ፎቅ ይጋርደዋል። በኮምፓስ ሰሜንን ይዛችሁ መለኪያውን 9 ላይ አድርጉት፤ በዓይን ለማየት ይበቃል። አንዳንዶቹ ማቆሚያዎች እስከ 9 አይወርዱም፤ የክብደቱ ዘንግም ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል። እንደዚያ ከሆነ አትታገሉ። ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ብቻ የሚሄድ ማቆሚያ ይሻላል።

ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ እግሮቹን አሳጥሩ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ መሃሉ ላይ ድንጋይ የያዘ ፌስታል ስቀሉ።

«ኔቡላው ግራጫ ጉም ነው፤ ቀለም የለውም»

ኔቡላ በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ዓይን ደግሞ በጨለማ ቀለም አይለይም። ፎቶዎቹ ካሜራ ለረጅም ጊዜ ብርሃን ሰብስቦ ያወጣቸው ናቸው። ፊልተር መግዛት ይህን አይቀይረውም፤ በ70 ሚሊ ሜትር ላይ ያለውንም ብርሃን ይቀንሳል። ከከተማ መብራት መውጣት ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል። ስልካችሁን አጥፉና ዓይናችሁ ለግማሽ ሰዓት ጨለማውን ይልመድ። ከዚያ በ25 ወይም በ32 ሚሊ ሜትሩ ግንቦት ላይ ወደ ደቡብ ኦሜጋ ሴንታውሪን ፈልጉ። የብዙ ሚሊዮን ኮከቦች ክምችት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ 34 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ስቶክሆልም ያለ ሰው ከአድማስ በላይ ፈጽሞ አያየውም።

«ሌንሱ ላይ ነጭ ድር የመሰለ ነገር ወጣ»

ሻጋታ ነው፤ የክረምት እርጥበት ያመጣዋል። አይፒሶቹን ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጣውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አብራችሁ ክተቱ። አቧራ ብቻ ከሆነ በጎማ መንፊያ ንፉት። በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉት፤ አቧራው ራሱ ሌንሱን ይቧጭረዋል። ሻጋታው መስታወቱ ውስጥ ከገባ አይፒሱን መቀየር ይረክሳል። ከሌሎቹ ጋርም አንድ ሳጥን ውስጥ አታቆዩት።